የሚያልበው መስኮት

በበጋው ደረቅ አየር የሚዛመተው ጉንፋን ሰው መጨረስ ከጀመረ ወዲህ፣ እርጥበት ያደክመዋልና ቀበሌው በቧንቧ እንፋሎት ይለቃል፤ ልጅ ላለበት ቤት ብቻ። ልጄ ሶልያና ባረፈች በሳምንቱ የእኔን ዘጉት።

ፊት ለፊት የምትኖረው የትርንጎ መስኮት ግን ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ልጇ በጣቱ ይስልበታል። ሳየው አንጀቴ ይቃጠላል።

«አንቺስ ቤትሽ ደረቅ ነው፤ የእኔ ልብስ ሁሉ ሻገተ» ትለኛለች ደግሞ!

ሶልያናም በእኔ መስኮት ላይ ፀሐይ ስላ ነበር። መስታወቱ ሲደርቅ አትታይም፤ ተጠግቼ ስተነፍስበት ግን ብቅ ትላለች። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ትናንት ጎረቤቶቼ ለአርባዋ ቤቴን ሊያሰናዱ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትርንጎ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች።

«መስኮትሽን ወለወልኩልሽ፣ እህቴ። እንግዳ ይመጣል ብዬ።»

«እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ስትወጣ መስታወቱን ተጠግቼ ተነፈስኩ። ደግሜ ተነፈስኩ። ትንፋሼ ሲደርቅ በጠራው መስታወት የታየኝ የትርንጎ ልጅ ነው፤ ባላበው መስኮታቸው ላይ ፀሐይ ይስላል።