ጥርት ብሎ የተሰማው ድምፅ

«ስፒከር ላይ አድርገው! ሁላችንም እንስማ!» አለች ሥራ አስኪያጇ ሰብለ ወንጌል።

የኔትወርክ ባለሙያው አካሉ ፈገግ ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ድርጅት የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነን... ከአዲስ አበባ የመጡ አለቆች ተደርድረው ተቀምጠዋል።

የዚህ ድርጅት ዋይፋይ እስከ ቅርብ ጊዜ መሳቂያ ነበር። አንድ ፓስወርድ ለሁሉም! አጥሩ ሥር ጁስ የምትሸጠው ልጅ ሳትቀር ታውቀዋለች።

በዚያ ዋይፋይ ስልክ የደወለ ሰው ወሬው በማን ጆሮ እንደሚገባ አያውቅም። እያወራ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ከተሻገረ ደግሞ... ይቋረጥበታል።

ይህን ሁሉ የለወጠው አካሉ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ሰጠ። ጥሪውን ማንም እንዳይጠልፈው ቆለፈው። እያወሩ ከቢሮ እስከ መጋዘን ቢሄዱ እንኳ መስመሩ አይበጠስም።

ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ካለፈ የሁሉም ቅርንጫፎች የኔትወርክ ኃላፊ ሆኖ ይሾማል።

«እስኪ ሩቁን ሞክር። ዋናው በር ደውል» አለችው።

ደወለ። ጥበቃው ጋሽ አስናቀም እንደታዘዙት ስፒከሩን ከፍተው አነሡ።

«ኢንጂነር! እንኳን ደወልህ! አባትህ መጥተው እዚህ ቁመዋል!»

የአዳራሹ ሰው እርስ በርሱ ተያየ...

ለምን መሰላችሁ? አካሉ ለእነዚህ ሰዎች «አባቴ ትልቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አርፈዋል» ብሏቸዋል። ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ ምሳ ላይ ሁሉም የአባቱን ሥራ ሲያወራ፣ «የእኔ አባት ዘጌ ላይ ድጓ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር የኔታ ናቸው» ማለት አሳፈረው።

አያሳፍርም ነበር እኮ! እሱ ግን አፈረ። ውሸት ደግሞ አንዴ ከወለዷት ማሳደግ ግድ ነው።

«አንተ፣ አባትህ አርፈዋል አላልከንም እንዴ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው አንዳርጋቸው።

አካሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። እውነቱን እዚያው መናገር ይችል ነበር... አለቆቹን አየ። ሹመቱን አሰበ።

«ጋሽ አስናቀ፣ ተሳስተዋል» አለ። «የእኔ አባት ሞተዋል። ሰውዬው እርዳታ ፈልገው ይሆናል፤ ሸኟቸው።»



ከወዲያ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ የሽማግሌ ድምፅ።

«ጥበቃውን አትቆጣው ልጄ፤ ስሕተቱ የኔ ነው። የኔም ልጅ ስሙ አካሉ ነው፤ ሞክሼ ሁኖብኝ ነው። ዓይኔ አያይም፤ ሰው ባደረሰኝ በር ቆምሁ።»

ትንሽ ተነፈሱ።

«አባትህ ማረፋቸውን ሰማሁ። ነፍስ ይማር። በአብርሃም፣ በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልህ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

ሁሉም ወደ አካሉ ዞሩ። ለሞተ አባት ሲጸለይ ልጅ ዝም አይልም።

«አሜን» አለ።

የገዛ አባቱ በቁማቸው ለራሳቸው ነፍስ ይማር ሲሉ... አሜን አለ!

ጭብጨባው ቀለጠ። «ትንፋሻቸው ሳይቀር እኮ ነው የሚሰማው!» አሉ አንዱ አለቃ። ሹመቱም እዚያው ተነገረው።

አካሉ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ከደረጃው ጀምሮ ሮጠ።

በሩ ላይ ጋሽ አስናቀ ብቻቸውን ናቸው። በእጃቸው ማር የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘዋል።

«ሄዱ እኮ። ወደ ጀልባው የሚያደርሳቸው ባጃጅ ላይ አሳፈርኋቸው። ይኸን ትተው ነው የሄዱ።»

«ምን ብለው?»

«‹ለልጄ ነበር ያመጣሁት፤ እንግዲህ በስልኩ ለተናገረው ስጥልኝ› አሉ። ‹ጉንፋን ይዞታል፤ ድምፁ ሻክሯል። በሞቀ ውኃ በጥብጦ ይጠጣው› አሉኝ።»

አካሉ ጠርሙሱን ተቀበለ።

ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮውን ይከረክረው ነበር። ቢሮ ውስጥ ልብ ያለው አንድም ሰው የለም።

ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ዜማ ሲሰሙ፣ ቃናው ትንሽ ሲዛነፍ ሲያርሙ የኖሩ መምህር የልጃቸውን ድምፅ ያጡታል? ኧረ ምን ሲደረግ! ገና «ጋሽ አስናቀ» ሲል ነው ያወቁት... አውቀው ነው የሸፈኑት።

ጀልባ ማረፊያው ሲደርስ አባቱ የኔታ ጥዑመ ልሳን መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

አካሉ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ለድርጅት ሙሉ ሰው ድምፅ ያስተካከለ ልጅ «አባ» ማለት አቃተው።

ሳል መጣበት... ሳለ።

አባቱ ፊታቸውን ወደሱ መለስ አደረጉ።

«ና ልጄ» አሉ። «ፀሐይ ላይ አትቁም።»

እግራቸው ሥር ወድቆ አለቀሰ።

ወዳጆቼ... እኛ ሰው ፊት እንዳናፍር ብለን ወላጆቻችንን እንደብቃለን። እነሱ ደግሞ እኛ ሰው ፊት እንዳናፍር ብለው ራሳቸውን ይደብቁልናል። ማፈርስ ካለብን በእነሱ ሳይሆን በራሳችን ነው!

እስኪ ልጠይቃችሁ... ነገ አካሉ ቢሮ ሲገባ፣ «አሜን» ብለው ላጨበጨቡለት ሰዎች ምን ይበላቸው? እውነቱን ያውጣ? ወይስ አባቱ የሸፈኑለትን እሱም ሸፍኖ ይኑር?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...