አማቴ አበባ ሲቀነጥሱ

አማቴ ሌላ አበባ ይቀነጥሳሉ። ዙሪያውን ገፍፈው ይጥሉና የዱባው ሐረግ መሃል ያጎነብሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አየህ?» እለዋለሁ ባሌን፣ በኩሽናው መስኮት እያሳየሁት። «ሰሞኑን ሁሉ እንዲህ ናቸው። አበባ ያረግፋሉ፣ ብቻቸውን ያወራሉ።»

እህቱ ከኋላችን ቆማለች። «እናትሽ አእምሯቸው እየሄደ ነው» ብዬ በስልክ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ለሐኪም ካሳየቻቸው በኋላ ወደ ራሷ ቤት ትወስዳቸዋለች። ሻንጣቸውን ሸክፌ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ምን ላድርግ? ምድጃ ለኩሰው ቢረሱስ? ልጄን ይዘው ወጥተው መመለሻው ቢጠፋቸውስ?

ባሌ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ እንከተለዋለን።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የንብ ሥራ ነዋ» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ።

አላልኩህም በሚል ዓይን አየዋለሁ።

«ይሄ ወንዱ ነው።» የተገፈፈውን አበባ ያሳዩታል፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። «ሴቷ ይህቺውልህ፣ ከሥሯ አውራ ጣት የምታክል ዱባ ይዛለች። ዱቄቱ ካልደረሳት ጠውልጋ መርገፏ ነው። ዘንድሮ ንብ የለም፤ ሽማግሌውም ሚዜውም እኔው ሆኛለሁ።»

«ብቻሽን የምታወሪውስ?» ትላለች እህቱ።

«ጉልበቴን እየተራገምኩ ነዋ። እዚህ ማጎንበስ ቀልድ መሰለሽ?»

ባሌ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ።

«ንቦቹ የት ገቡ?» ይላል።

አማቴ በአጥሩ ላይ አሻግረው ያያሉ። ከኮረብታው ጫካ እስከ ጓሯችን ይደርስ የነበረው ቁጥቋጦ አሁን ባዶ መሬት ነው። «መንገዳቸው ተቆረጠ» ይላሉ። «ጫካው እዚያ ቀረ፣ እኛ እዚህ። በመሃል የሚያርፉበት አበባ የለ።»

ማን እንዳስመነጠረው አይናገሩም። ልጄን እባብ ይነድፍብኛል ብዬ ነው፣ አንድም እባብ ሳላይ። «ጥቂት እንኳ ተዪ» ብለውኝ ነበር።

ባሌ መሬት መሬት ያያል። ምነው በተቆጣኝ።

«ነይ እስቲ» ይሉኛል አማቴ። «አንቺም ልመጂው። እኔ ስሄድ ማን ያደርግልሻል? ሹራቤን ብቻ ከሻንጣው አውጪልኝ፣ መንገድ ላይ ይበርደኛል።»

እህቱ ቀስ ብላ ወደ ቤት ትመለሳለች። ትንሽ ቆይቶ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት፣ ቀጥሎም ልብሶቻቸውን ለመመለስ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ሲሳብ ይሰማኛል።

ተንበርክኬ አበባውን እቀበላቸዋለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዱቄቱ ቀሚሴ ላይ ይበተናል።

«ቀስ በይ» ይላሉ። እጄን ይዘው ወደ ሴቷ አበባ ይመሩታል። የያዘኝ እጃቸው አንዴም አይንቀጠቀጥም።