የበኺታ ወንበር

የቅርስ ተቆጣጣሪው ዋጊህ የቁርናን መንደር ሰው ከልቡ ይንቃል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን የፈርዖን ሹማምንት መቃብር ላይ ሠርተው ይኖራሉ፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ግን ከጋጣ አይለዩትም ይላል።

የዛን ዕለት በአሮጊቷ በበኺታ ቤት፣ ከመቃብር የወጣ በወርቅ የተለበጠ የእንጨት ወንበር ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። ልጇ ሪፋዒ ቀድሞ ታስሯል። ወንበሩ ተገኝቶ የካይሮ ባለሙያዎች ጥንታዊ ነው ካሉ ወጣትነቱን እስር ቤት ይጨርሳል።

ሪፋዒ ለቱሪስት የሚሸጥ ሐውልት እየጠረበ የሚያድር ሰው ነው። ዋጊህ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ገርመም አድርጎ ፊቱን አዞረ። ሳሎኑ ደግሞ ባሰበት። ለሪፋዒ ሠርግ ከደምያጥ ከተማ የመጡ፣ የወርቅ ቀለም የተለቀለቁ ሶፋና ወንበሮች፣ አበባ የፈሰሰበት ጨርቅ ለብሰው፣ በላዩ ላስቲክ ተደርቦባቸው ተኮልኩለዋል። እግራቸው እንኳ አይመሳሰልም፤ የአንደኛው የአንበሳ መዳፍ ነው።

«ሶፋው ይሻልዎታል፣ ጌታዬ» አለች በኺታ።

ባላገር የት እንደሚቀመጥ ሊያዘው ነው? ዋጊህ ባለመዳፉ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እናንተ ወርቅ የምትሉት ይሄንን ነው አይደል?» አለ ክንዱን በላስቲኩ ላይ መታ መታ እያደረገ። ምራቷ ሻይ አቀረበችለት።

ፖሊሶቹ ወለሉን ቆፈሩ፣ ምድጃውን አፈረሱ። በመጨረሻ ከጋጣው ጥግ፣ ከኩበት ክምር ሥር፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ወንበር አወጡ። ወርቁ ተላልጧል፤ እንጨቱን ነቀዝ በልቶታል። በኺታ ደረቷን እየደቃች ልጄን አትጨርሱብኝ ብላ ተንሰቀሰቀች።

ዋጊህ አቧራውን በገዛ መሐረቡ ጠረገ።

«ወርቅ ማለት ይሄ ነው። ለእናንተ ግን የኩበት ማስደገፊያ» አላት። መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይስቅ ነበር።

የመኪናው አቧራ ሲረግብ በኺታ እንባዋን ጠርጋ ወደ ምራቷ ዞረች።

«ባልሽ የሠራውን እንደሆነ ካይሮ አይተው ይስቁበትና እሱንም ይለቁታል። አሁን ላስቲኩን አንሺና፣ ያ ቂጣም የተቀመጠበትን እግሩን እዪልኝ፤ ሦስት ሺህ ዓመት ኖሮ ዛሬ እንዳይሰበርብን።»