መረቡ የሰማው ቃል

በመረብ ላይ በራኬት ኳስ የሚመታበት የፒክልቦል ጨዋታ ደንብ ከተለወጠ ወዲህ ዳኛ የሚባል ነገር ቀርቷል። ኳሷ ካረፈች በኋላ ተቀባይዋ መጀመሪያ የተናገረችውን «ገባ» ወይም «ወጣ» መረቡ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ከዚያ ወዲያ መማል መገዘት የለም። ወይዘሮ ዘርፌም ቃሉ ያለቦታው እንዳያመልጣት ስትል ቤቷ ውስጥ እንኳ ምላሷን አስራለች። ፀሐይ ስትገባ «ጠለቀች»፣ የጎረቤት ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ «በቀለለት» ትላለች።

ዛሬ ያሸነፈች እሑድ ሰፈሩን ወክላ ሐዋሳ ትጫወታለች። በመጨረሻዋ ነጥብ የጎረቤቷ የወይዘሮ ደብሪቱ ኳስ ከመስመሩ አንድ ስንዝር አልፋ አረፈች። ዘርፌ «ወጣ» ብትል አለቀ። ደብሪቱ ግን ቀደመቻት።

«እኔ የምልሽ፣ ያ ጎረምሳሽ ዛሬም ሚስት ያማርጣል?»

ዘርፌ በልጇ ሲመጡባት አትችልም። «ልጄ ትናንት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አገባ፣ አንቺ ምቀኛ» አለቻት።

መረቡ የቃሉን ጭራ ይዞ አረንጓዴ በራ። «ገባ። ነጥብ ለደብሪቱ።»

«አገባ ነው ያልኩት፣ ደንቆሮ» ብትለው መረብ መቼ ይመለሳል። ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

ዘርፌ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። «ሳቂ። የልጄን የሠርግ ድግስ ቀን አልቆረጥኩም ነበር፤ አሁን ቆረጥኩ። እሑድ ነው፣ አንቺ ሐዋሳ ኳስ ስታባርሪ።»

የደብሪቱ ሳቅ ቆመ። መረቡን አየች፣ ዘርፌን አየች፣ ከዚያ ራኬቷን በመረቡ ላይ አሻግራ ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ ሐዋሳ አንቺ ሂጂ። እኔ ከሠርግ አልቀርም፤ ድግሱን እኔ እደግስልሻለሁ።»