ከኋላው የተነገረው

«ሊቀመንበር፣ ና እስቲ ጉድህን እይ!» አለ ሳንግዶ፣ ዳልሆ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ወደ መንደሩ አዳራሽ ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ።

ሚስቱ ኦክቡን ቀድማው ገብታለች። እሱ የጌትቦሉን ሜዳ ለማየት ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አሁንም መሐል ሜዳው ላይ እንደተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ በእንጨት መዶሻ ኳስ እየመቱ የሚያሾልኩባቸው ትንንሽ የብረት በሮች ግማሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል።

ግድግዳው ላይ ሁለት ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። በቀኙ ላይ ያ ሜዳ ጣሪያ ለብሶ ተሥሏል። በግራው ላይ ከመንደሩ እስከ ክሊኒኩ በአስፋልቱ ዳር የሚዘረጋ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። አውራጃው የመደበላቸው ገንዘብ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። መንደርተኛው ራሱ ይምረጥ ስለተባለ ለእያንዳንዱ ሰው ጥፍር የምታህል ቀይ ተለጣፊ ትሰጠዋለች፤ እሱም ሄዶ ሁሉም እያየው የፈለገው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋታል።

«ሚስትህ ከዳችህ!» አለ ሳንግዶ ወደ ግራው ሰሌዳ እየጠቆመ። «ዓይናችን እያየ መንገዱ ላይ ለጠፈችው!»

«ቤቱን ያላሳመነ ሊቀመንበር!» ብሎ አንዱ ሽማግሌ ሲያክልበት፣ የሩዝ ኬኩን ከበው የተቀመጡት የጌትቦል ሰዎች በሳቅ ፈረሱ።

ዳልሆም አብሯቸው ሳቀ፤ ጆሮው ግን ጋለበት። የጌትቦል ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ስለዚህ ጣሪያ ያላንኳኳው በር የለም። ለጨዋታው ብቻ ብሎ አልነበረም። ሚስቱ የሞተችበት ሳንግዶ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያናግረው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው።

ኦክቡን መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። እየተደገፈች የምትሄድበት የልጅ ልጇ አሮጌ የሕፃን ጋሪ በር ላይ ከጫማዎቹ ጎን ቆሟል። ዳልሆ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«የዩንሂ እናት፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት፣ እንደልማዱ በልጃቸው ስም ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነግሬሃለሁ።»

«መቼ?»

«ሩዝ ከተተከለ ጀምሮ ስነግርህ ነው የከረምኩት።»

«የት?»

«መንገድ ላይ ነዋ! ክሊኒክ ስንሄድ።»

በዚያ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። የድንጋይ ካባው የጭነት መኪናዎች ትከሻ እየታከኩ ያልፋሉ፤ በመከር ደግሞ አስፋልቱ ዳር የሚሰጣው ሩዝ የቀረችውን ጠርዝ ይወስዳታል። ስለዚህ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነው። ዞሮ አያያትም፤ የጋሪዋን ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ያዳምጣል። መኪና ሲመጣ ሲጢጥታው ይዋጣል፤ መኪናው ሲያልፍ ተመልሶ ይሰማል፤ ያኔ ልቡ እርፍ ይላል። በመሐል የእሷ ድምፅ ሲመጣ መኖሩን እንድታውቅ ያህል ይመልስላታል።

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

«‘እም’ አልከኛ።»

«ቤት ስንገባ አትነግሪኝም ነበር?»

«ቤትማ የጣሪያህ ወሬ መቼ ፋታ ይሰጣል!»

ዳልሆ አንገቱን ደፋ። «ሌላስ? እዚያ መንገድ ላይ ሌላ ምን ነግረሽኛል?»

«ኧረ ብዙ ነው። ጊዜው ያለፈበትም አለ።» አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ዩንሂ ዘንድሮ ለመከሩ በዓል አትመጣም ብዬህ ነበር።»

የበዓሉ ዋዜማ ታወሰው። ጨለማው ዓይን እስኪይዝ በር ላይ ቆሞ ልጁን ሲጠብቅ ነበር። ኦክቡን ሹራብ አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለት ምንም ሳትናገር ገባች።

«አለመስማቴን አላወቅሽም?»

«ሰምተህ ልብህ እምቢ ያለህ መሰለኝ» አለች። «ሰው ልጁን ሲናፍቅ ምን ይባላል?»

«አባት፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች ከወረዳው የመጣችው ወጣት ሠራተኛ፣ ተለጣፊዋን እየዘረጋችለት። ዳልሆ በጣቱ ጫፍ ተቀብሏት ተነሳ። ከሩቅ ሲታዩ በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ቅላት እኩል ይመስላል።

«በቀኝ በኩል ነው፣ ሊቀመንበር!» አለ ሳንግዶ። «መነጽር ላምጣልህ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳንግዶም ይስቃል፤ ዓይኑን ግን ከዳልሆ ጣት ላይ አልነቀለም። ዳልሆ ሰሌዳዎቹ ፊት ደርሶ ቆመ። የቆመበት ጊዜ ሲረዝም ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ።

«ሳንግዶ» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «ዝናብ ሲጥል እኛ ቤት ና።»

አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

ዳልሆ ተለጣፊዋን በግራው ሰሌዳ ላይ፣ ኦክቡን ከለጠፈቻት አጠገብ አሳረፋት። እጁ ላይ ቆይታ በላብ ርሳ ስለነበር ጠርዟ ተላቀቀ። በአውራ ጣቱ ደግፎ ጫን አላት፤ እስክትይዝለት ድረስ ለጓደኞቹ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ከኋላው የኦክቡን ድምፅ መጣ። ከንፈሩ ለ«እም» ገጥሞ ነበር። ተወውና፣ ጣቱን ከሰሌዳው ሳያነሳ አንገቱን እስከ መጨረሻው አዞረ።

«ምን አልሽ?»