የሞቀ ሞተር

የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው፤ ፊደልም እስታለሁ። የሚያርምልኝ ሰው ስለሌለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ኬልቪን የሚኖረው ታዝማኒያ በምትባል የአውስትራሊያ ደሴት፣ ሂዮን ወንዝ አጠገብ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በሞተር መጋዝ ዛፍ ሲጥል ኖሯል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሱና ልጁ ታሊያ ናቸው። ታሊያ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ እናቷን ለማስታመም ስትል ትምህርቷን ትታለች። ኬልቪን አንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል አለው፤ ሥራም ዓሣ ማጥመድም የሚሄደው በእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት ጃኒን መጣች። ጃኒን ፖም ማሸጊያ ቤት የምትሠራ፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ ሴት ናት። እሑድ እሑድ ከኬልቪን ጀርባ ተፈናጥጣ እስከ ባሕሩ ትሄዳለች። ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ታሊያ ጽሕፈት የምትለማመድበትን ደብተር ታርማለች።

አንድ እሑድ የሟቿን ሄልሜት ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ለካችው። ልክክ አለላት።

“አየሽ ታሊ? ለእኔ የተሠራ ይመስላል!”

ታሊያ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች።

“ስማ ኬልቪን” አለች ጃኒን፤ “የሰው ጀርባ እያየሁ መሄድ ሰለቸኝ። የጃኬትህን ስፌት በቃሌ አውቄዋለሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ። አሮጌም ብትሆን ቀለል ያለች ፈልግልኝና ጎን ለጎን እንሂድ።”

“ከፋሲካ በፊት” አለ ኬልቪን።

ፋሲካ ለጃኒን ቀጠሮ ነበር። ኩዊንስላንድ ያለችው እህቷ ቤትም ሥራም አዘጋጅታ ትጠራታለች፤ መልሱን እስከ ፋሲካ ትፈልጋለች። ጃኒን ይህን አልደበቀችውም። “እንድቀር ከፈለግህ አሳየኝ” ብላዋለች።

ኬልቪን ከሥራ ሲመለስ ስልኩ ላይ ያጎነብስ ጀመር። ኢንተርኔቱ በአሮጌ ሞተር ሳይክል ማስታወቂያ የተሞላ ነው። ደንቡን ግን ሁሉም ያውቃል። ገዢ ለሻጩ አስቀድሞ “እስክመጣ እንዳታስነሣት” ብሎ ይጽፋል። ሲደርስ ከሰላምታም በፊት እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። ከሞቀ፣ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ሞተሯ ሲቀዘቅዝ አልነሣ የምትል ናት ማለት ነው። ያኔ ዞሮ መሄድ ነው።

ችግሩ የኬልቪን ጣቶች መደንዘዛቸው ነው። የመጋዙ ንዝረት ገድሏቸዋል፤ የፈላ ውኃና በረዶ አይለዩም። ይህን የምታውቀው ታሊያ ብቻ ናት። “ለጃኒን እንዳትነግሪያት” ብሏታል፤ “ሽማግሌ ላገባ ነው እንዳትል።” ስለዚህ ሲሄድ ልጁን ይዟት ይሄዳል። እሱ ከሻጩ ጋር ሲጫወት እሷ እጇን ታሳርፋለች።

መጀመሪያ ሶሬል ሄዱ። ሻጩ ወሬ የሚያበዛ ወጣት ነበር።

“አያቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሄደባት።”

“ጎማዋ እኮ አልቋል። አያትህ ጳጳስ ነበሩ እንዴ?” አለው ኬልቪን።

ታሊያ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች። “ሞቋል፣ አባዬ።”

ተመለሱ።

ሁለተኛዋ ሞተር ሳይክል የነበረችው ሎንግፎርድ ከተማ ነው። ሻጯ “ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው” እያለች ታጣድፋለች። የዚያችንም ሞተር ታሊያ “ሞቋል” አለች።

“ሁለቱም?” አለች ጃኒን።

“ዘመኑ የሌባ ነው” አለ ኬልቪን።

ከስቅለት በፊት ባለው ሐሙስ ደሴቱን አቋርጠው ፔንግዊን የምትባል ከተማ ደረሱ። ሜርቭ የሚባሉ ሽማግሌ ጋራዣቸውን ከፈቱ። ቀይ፣ ቀጭን፣ የተወለወለች ሞተር ሳይክል ብርድ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ኬልቪን ስፖኪዮዎቿን ሲያይ ፊቱ በራ። ጃኒን ላይዋ ተቀምጣ የታየችው ይመስላል።

ታሊያ በዚህኛው ላይ እጇን ረዘም ላለ ጊዜ አቆየች።

“ሞቋል።”

“የማን? የኔ?” የሽማግሌው ፊት ቀላ። “አልነካኋትም! ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ውሸታም የሚል ስም ከየት ይምጣብኝ? በል እንካ፣ አንተው ንካ!”

ኬልቪን ጓንቱን አወለቀ። መዳፉን ሞተሩ ላይ ጫነ። ምንም አልተሰማውም።

“ሞቋል” አለ።

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን መልሰው አለበሷት። “ውጡልኝ” አሉ።

ቤት ሲመለሱ ጃኒን በር ላይ ጠበቀቻቸው።

“ሦስተኛውም? በዚህ ደሴት ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ሞቋል?”

“ምን ላድርግ? በገዛ እጄ ነካሁት።”

“በገዛ እጅህ?”

“በገዛ እጄ።”

ጃኒን ከበሩ ዘወር አለች። “ኬልቪን፣ ሚስቴን መርሳት አቃተኝ ብትለኝ እኮ ይገባኝ ነበር። ሰበብ ምን አስፈለገህ?”

ኬልቪን ስለ ጣቶቹ ሊነግራት ነበር፤ አልነገራትም።

ቅዳሜ ጃኒን ወደ እህቷ ለመሄድ መርከብ ልትሳፈር ስትወጣ ታሊያን ግንባሯን ሳመቻት። “ደብተርሽን እንዳትተዪ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?”

አሁን ኬልቪን እሑድ እሑድ ከቤት አይወጣም። መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸዋል።

“ታሊ፣ ሦስት ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻል?” ይላል። ከዚያ ራሱ ይመልሳል፤ “ሰው ክፉ ነው።”

ታሊያ እኔ ነኝ፤ ሦስቱም ሞተሮች እንደ ወንዝ ድንጋይ የቀዘቀዙ ነበሩ።