ከፍራሹ ስር ያለው ሰሌን

አያቴ ላንጊ፣ «መኪናውን የነዳው ባሌ ሲያኦሲ ነው» ትላለች። የባሏ ታናሽ ወንድም አባባ ያኮፖ፣ «የነዳሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሁለቱም ፊት ለፊቴ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ስልኬ ድምፃቸውን እየቀዳ መሆኑንም ያውቃሉ። የታሰሩት አባባ ያኮፖ ናቸው። ሦስት ዓመት።

የምጽፈው የቤተሰባችን ታሪክ ዓርብ በጀልባ ወደ ዋና ከተማችን፣ ወደ አፒያ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ለገና ዘመድ ሲሰበሰብ ለየቤቱ ይታደላል። የቀረኝ አንድ ምዕራፍ ነው። ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት ኮኮናት የጫነው መኪናችን ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ፔሌ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ገደለ። ምዕራፉን አባባ ያኮፖ ሁልጊዜ እንደሚናገሩት አድርጌ ጽፌ ነበር። ዛሬ ሳነብላት አያቴ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ያኮፖና መኪና!» ትላለች አሁን። «ፈረስ ሲጥለው የኖረ ሰው። ፍሬኑን ከነዳጁ አይለይም ነበር እኮ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እርጅናው አናትሽ ላይ ወጣ» ይላሉ አባባ ያኮፖ። ለመሳቅ ይሞክራሉ። «ልጁ የዓርብ ቀጠሮ አለበት። የጻፈውን ተዪለት።»

«አልተውለትም። ሲያኦሲ ሚስትና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረው። አንተ ላጤ ነበርክ። ሽማግሌዎቻችን በዚያው ምሽት ቁጭ ብለው ‹ያኮፖ ይሁን› አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ። የማጠባው ሕፃን የለኝ፣ የሚያስነሳኝ ሥራ የለኝ፤ ዝም ብዬ ሰማሁ።»

ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ ምሰሶና ጣሪያ ነው። ከኋላ፣ የማእድ ቤቱ ጥላ ስር፣ እናቴ ሉሲያ ጎደሬ ስትልጥ ነበር። የቢላዋው ድምፅ ቆሟል። ፔሌ ታናሽ እህቷ ነበረች።

«አባባ» እላለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እውነቱ የቱ ነው?»

ስልኩን ያዩታል፤ ከዚያ እኔን። «አንተ የተማርክ ነህ፤ አድምጠኝ። በወጋችን ይቅርታ ልለምን ሳይነጋ ሄጄ የልጅቷ ወላጆች ደጅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘመዶቼ ሰሌኑን ከራሴ ጀምረው አለበሱኝና ከኋላዬ አቀርቅረው ተቀመጡ። ቢፈልጉ በድንጋይ፣ ቢፈልጉ በቆንጨራ ይጨርሱኛል፤ ማንም አይከላከልልኝም። ፀሐይ ወጣች። ደግሞ ዘነበ። ከሰሌኑ ስር ሆኜ የእናቷን ለቅሶ ስሰማ አረፈድኩ። ወደ ቀትር ላይ አባቷ ወጡና ሰሌኑን በገዛ እጃቸው ከላዬ አነሱት። ‹ተነሥ፣ ልጄ› አሉኝ።»

ዓይናቸውን ወደ ስልኩ ይመልሳሉ።

«የነዳሁት እኔ ካልሆንኩ፣ ያንን ቃል ሰርቄያቸዋለሁ ማለት ነው። እሳቸው ሞተዋል። ለማን እመልሰዋለሁ?»

በእኛ ወግ ሰሌኑን ማንሳት ይቅር ማለት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው በልተዋል፤ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው አባቴና እናቴም የተጋቡት በዚያ ይቅርታ ነው። በዕለቱ ለእነሱ የተሰጠው ሰሌን እናቴ ስትዳር ከሙሽራዋ ስጦታ ጋር ወደ ቤታችን ተመለሰ። እንደ ሐር የለሰለሰ ነው፤ አያቴ እንዳይጨማደድ ከፍራሿ ስር ዘርግታ ታስቀምጠዋለች።

«አንተ እስር ቤት የተኛኸው ሦስት ዓመት ነው፣ ያኮፖ» ትላለች አያቴ። «እኔ ላዩ ላይ የተኛሁበትን ቁጠረው እስቲ።»

እናቴ መጥታ ከቤቱ ጠርዝ፣ ጠጠሩ ላይ ቆማለች። ቢላዋው እጇ ላይ ነው። ወንድ አያቴ ሲያኦሲ የሞተው አምና ነው። አልጋ ላይ በዋለበት ሁለት ዓመት ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እናቴ ናት።

«ሁለት ዓመት» ትላለች። «በነዚህ እጆቼ ሁለት ዓመት አገላብጬ አጠብኳቸው። አንደበታቸው ደህና ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ ይሉኝ ነበር። ትራሱ ጎረበጠኝ ይሉኝ ነበር።»

«ሉሲያ፣ ልጄ፣ አሮጊቷን አትስሚያት...»

«የፔሌን እጅ ይዤ ነበር፣ አባባ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ሹፌሩን አላየሁም። እጇ ከእጄ ሲወጣ ብቻ ነው የማስታውሰው።»

ስልኩን ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ፣ «ተወው፣ ይቅዳ» ትለኛለች እናቴ።

አያቴ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። የፍራሹን ጫፍ ታነሳና ሰሌኑን በሁለት እጇ ትጎትታለች። ጠርዙ ላይ ለጌጥ የተሰፋው ቀይ ላባ ሳስቷል።

«ነገ ሳይነጋ በአባትሽ ቤት፣ በወንድምሽ ደጅ እቀመጣለሁ» ትላለች እናቴን ሳታያት። «በሲያኦሲ ቦታ።»

«በዚህ ጉልበትሽ?» ይላሉ አባባ ያኮፖ።

«አንተ ተሸክመህ ትወስደኛለህ። መንዳት እንደሆነ አትችል።»

አባባ ያኮፖ አልተከራከሩም። አንገታቸውን ደፍተው የሰሌኑን አንድ ጫፍ ይዘውላታል።

እናቴ ሰሌኑን ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። ሙሽራ ሆና ይዛው የገባችው እሷው ነች። ከዚያ ቢላዋውን ጠጠሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቧንቧው ጋ ሄዳ የጎደሬውን ዝልግልግ ከእጇ ታጥባለች፤ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል። ጃንጥላዋን ከምሰሶው ላይ ታነሳለች።

«እኔ ዛሬ የማድረው ወንድሜ ቤት ነው» ትላለች። «ነገ ሲመጡ፣ እማማ፣ ከውስጥ ነኝ። ሰሌኑን ለማንሳት ግን እኔ አልወጣም።»